የታናሽ እህቴን ሱሪ በመቀስ ቆረጠው

«ሰላም እትዬ፣ አንቺ እያልኩ ስጽፍልሽ ቅር እንዳይልሽ፤ የድሬ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ገንደ ቆሬ እንኖራለን። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሒሳብ እቀበላለሁ። ሂጃብ አደርጋለሁ፣ ወድጄው ነው። አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። እናታችን አለች። አያታችን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ናት። ታላቅ ወንድሜ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርቶ በ2009 የተመለሰ ነው። የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው እሱ ነው።

ታናሽ እህቴ 15 ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤቷ መረብ ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው ወር ከልምምድ ስትመለስ ወንድሜ መንገድ ላይ በቱታ አያት። ምንም አላላትም። ማታ ግን ሱሪውን ከገመድ ላይ አውርዶ ከጉልበቱ ላይ በመቀስ ቆረጠው። በማግሥቱ እናቴ ቁራጩን የወለል መወልወያ አደረገችው። አሁን ጅልባብ ካልለበሰች ከቤት አትወጣም። ኳሱም ቀረ።

ለምን ስለው ‹ባህላችን ነው› ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬን አማከርኩት። ማስተርሱን የያዘ ልጅ ነው። ‹ባህላዊ አንጻራዊነት የሚባል ነገር አለ። ማንኛውም ማኅበረሰብ የሚመዘነው በራሱ ሚዛን ነው። የሴቶች መብት የምትይው የፈረንጅ ሚዛን ነው› አለኝ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ‹መጀመሪያ የራስሽን ሂጃብ አውልቂ፣ ከዚያ ስለ እህትሽ ታወሪያለሽ› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ባህሌን አልጠላም። ግን ያ ቁራጭ ሱሪ ወለሉ ላይ ሲጎተት ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ማን ነው ልክ? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አንቺ በይኝ። ድሬ ላይ አንቱ ያለኝ ሰው የተቀየመኝ ነው የሚመስለኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መቀሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እኔም ሱሪ አለብኝ።

ያደግኩት እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛና ጥብቅ ኦርቶዶክስ ነበር። በቤታችን ሴት ልጅ ሱሪ አትለብስም። ለዚህም ሁለት ምክንያት ነበረው። አንዱ ኦሪት ዘዳግም 22፡5 ነው፤ ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ የሚከለክለው። ሁለተኛው «ያበሻ ሴት ሱሪ አትለብስም» የሚል ነው። ይኸኛው ጥቅስ እንኳ አያስፈልገውም፣ ባህል ነውና።

ደቻቱን ተሻግረሽ መጋላ ስትገቢ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እናቴ ቅመም የምትገዛት አንዲት የሐረሪ እናት ነበረች። ሁሌ ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው የማስታውሳት። ከቀሚሷ ሥር ጠባብ ሱሪ ትለብሳለች። እግሩ ጋ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ ጥልፍ አለው። ልጅ ስለነበርኩ ዓይኔ እዚያ ጥልፍ ላይ ነበር። ለእሷ ሱሪው ጨዋነት ነው። ነውሩ ያለ ሱሪ መውጣት ነው። መሐላችን ያለው አሸዋ የሞላው ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ ጨዋ የሚያሰኘው ልብስ ወዲህ ማዶ ባለጌ ያሰኛል።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ አክስቴ ከጅቡቲ ጂንስ ላከችልኝ። ለብሼው ከጓዳ ወጣሁ። አባቴ በጥፊ መታኝ። ጂንሱ ለአጎቴ ልጅ ተሰጠ፣ ለወንዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለብሶት እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ቡና የማቀርብለት እኔ ነኝ።

ይህን የምነግርሽ ባልደረባሽ የያዘው ነገር ባዶ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። ስለ ሱሪው ስጠየቅ አባቴ ተሳስቷል፣ የሐረሪዋ እናት ልክ ናት ብዬ መፍረድ አልችልም። ሁለቱም ያደጉበትን ነው የተናገሩት። ጨርቅ በራሱ ነውርም ክብርም የለውም፣ የሚሰጠው ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ባልደረባሽ ልክ ነው። ስለ ጥፊው ግን መፍረድ እችላለሁ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ቢነግርሽ ጥሩ ነበር። ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ። ከመቶ ዓመት በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን የዓለምን ሕዝብ በደረጃ ይደረድሩ ነበር። ከላይ ራሳቸውን ያስቀምጣሉ፣ ከታች እኛን። ፍራንዝ ቦአስ የሚባል ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረ አንትሮፖሎጂስት ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ይህን ተቃወመ። የሰውን ወግ ከመፍረድሽ በፊት በራሱ ቤት ገብተሽ እዪው ነው ነገሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት መግለጫ ሲረቀቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የአሜሪካ አንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር «የምዕራቡን ልማድ የዓለም ሁሉ ሕግ እንዳታደርጉት» ብሎ አሳሰበ። ዘመኑ ገና የቅኝ ግዛት ነበር፣ ስጋታቸው ልክ ነው። ሎርድ ክሮመር ግብፅን ሲገዛ የሴቶቹን መሸፋፈን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ይወቅስ ነበር። አገሩ እንግሊዝ ሲገባ ግን ሴቶች ድምፅ እንዳይሰጡ የሚታገለውን ማኅበር መራ። እንዲህ ዓይነቱን ነፃ አውጪ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ልብ በይ ግን። ሐሳቡ የተወለደው ጉልበተኛው በደካማው ላይ እንዳይፈርድ ነው። እናንተ ቤት ጉልበተኛው ማን ነው? መቀሱ የማን እጅ ላይ ነበር? ለደካማ መከላከያ የተሠራውን ሐሳብ በ15 ዓመት ልጅ ላይ ማዞር ሐሳቡንም መበደል ነው። ያው የአንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሌላ መግለጫ አውጥቶ ከሰብዓዊ መብት ጎን ቆሟል።

ደግሞስ «ባህላችን» ሲል የማንን ነው? ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ ስለ ሴቶቿ ጽፏል። ፀጉራቸውን መሐል ለመሐል ከፍለው፣ ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ጠቅልለው፣ በጥቁር ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። ይህን ለማወቅ የእሱን ጽሑፍ መፈለግ የለብሽም። ያገቡ ሴቶች የሚያስሩት ጉፍታ ነው። አያትሽን ጠይቂያት፣ አሁንም ሳጥኗ ውስጥ ይኖር ይሆናል። በሠርግ ላይ ያን ደማቅ ቀሚስ ከነሱሪው የለበሰች ሴት ባህሏን ለብሳለች። ጅልባብና ጥቁር አባያ በየሰፈሩ የበዛው በእኛ ዕድሜ ነው። መጤ ነው ብዬ አልነቅፈውም፣ የእኔ ጂንስም መጤ ነበር። ጅልባብ ወዳ የለበሰች ጎረቤት አለችኝ፣ ደስ ብሏት ነው የምትለብሰው። የምለው ሌላ ነው። ወንድምሽ «ባህላችን» የሚለው ነገር ውስጥ የአያትሽ ድምፅ የለም። የእናትሽም የለም። አንድ ሰው ወዶ ያመጣውን ነገር የሁላችን ስም ለጠፈበት።

እሱ የተመለሰው በ2009 ነው ብለሻል። ያየው አገርም እዚያው አልቆመም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ጅዳ ውስጥ ሴቶች ስታዲየም ገብተው ኳስ አዩ። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ አባያ በሕግ ግዴታ አይደለም ሲል ተናገረ። ይህን በክርክር መሐል አትወርውሪበት፣ ያፍራል። ግን እወቂው።

ይህ የሃይማኖት ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። መጋቢት 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ሴቶች ተማሪዎች አጭር ቀሚስ ለብሰው ሊወጡ። ወንዶቹ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፣ የመጡትን እንግዶች አዋከቡ። እነዚህ አጥባቂ ሽማግሌዎች አልነበሩም። ንጉሡን የሚቃወሙ፣ ለውጥ የሚሉ ተራማጆች ነበሩ። የሴቷ ቀሚስ ጋ ሲደርሱ ግን «የምዕራቡ የባህል ወረራ» አሉ። አባቴ በጥቅስ፣ እነሱ በአብዮት፣ ወንድምሽ በባህል። የሚያርፈው ግን አንድ ቦታ ነው።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። «የራስሽን አውልቂ» ያለችሽ ላንቺ አስባ ሊሆን ይችላል። ግን ከወንድምሽ ጋር አንድ ነገር ላይ ተስማምታለች። ሁለቱም ጨርቁን እንጂ ሴቷን አላዩም። ኢራንን እዪ። እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሡ ሬዛ ሻህ መሸፈንን ከለከለ። ፖሊስ መንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ላይ ይነጥቅ ነበር። ሳትሸፈን መውጣት የማትችል ሴት ቤቷ ቀረች። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ ግዴታ ሆነ። በ2022 ማህሳ አሚኒ የምትባል የ22 ዓመት ወጣት በአለባበሷ ተይዛ በፖሊስ እጅ ሳለች ሞተች። በአንድ ቤት ውስጥ አያቷ የተነጠቀችውን የልጅ ልጇ በግድ ለበሰች ማለት ነው። እዚሁ አገራችንም በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ ሰምተናል። አውሮፓስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የኖርዌይ ሴቶች የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን ቢኪኒ አንለብስም፣ ቁምጣ እንለብሳለን ስላለ 1,500 ዩሮ ተቀጣ። እዚያ ደግሞ በዛ ተሸፈናችሁ ተባሉ።

ስለዚህ ሚዛኔን ልንገርሽ። ስለ ልብሱ አልጠይቅም። አገር በቀል ነው መጤ ነው፣ ረጅም ነው አጭር ነው ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አይ፣ አልፈልግም» ብትል ምን ይደርስባታል? ከእናቷ ትንሽ ኩርፊያ ከሆነ ያ የቤት ወግ ነው፣ ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ከትምህርት፣ ከኳስ፣ ከደጅ መቅረት ከሆነ፣ ዱላና መቀስ ከሆነ፣ ስሙ ባህል ቢባልም እኔ ባህል አልለውም። ይህ ሚዛን የፈረንጅ አይደለም። ገንደ ቆሬም፣ ቴህራንም፣ ኦስሎም ይሠራል።

በራስሽም ሞክሪው። ነገ ሂጃብሽን ብታወልቂ ምን ይደርስብሻል? መልሱ ቀላል ላይሆን ይችላል። ምርጫ የምንለው ነገር ንጹሕ ውሃ አይደለም። እኔ ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ሱሪ እለብሳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን ቀሚስ ለብሼ ነጠላዬን አጣፍቼ ነው። ወድጄ ነው? አዎ። የሰው ዓይንስ የለበትም? አለበት። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ሂጃብሽን ስለምትወጂው ለእህትሽ የመናገር መብትሽ አይቀንስም። እንዲያውም ወንድምሽ ከማንም ይልቅ አንቺን የሚሰማበት ምክንያት እሱ ነው።

አሁን ከደብዳቤሽ የጎደለ አንድ ነገር ልንገርሽ። ወንድምሽ ምን እንዳለ ጽፈሻል። ባልደረባሽ፣ ጓደኛሽ ምን እንዳሉም። እህትሽ ምን አለች? አንድ ቃል የለም። ሁላችሁም ስለ እሷ እያወራችሁ እሷን የጠየቃት የለም። ዛሬ ማታ ብቻዋን አግኝያት። «ልርዳሽ» ብለሽ አትጀምሪ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» በያትና ዝም ብለሽ ስሚ። መልሷ ሊያስገርምሽ ይችላል። ጅልባቡን አልጠላሁትም፣ ኳሱን ነው የምፈልገው ልትል ትችላለች። ወይም ሁለቱንም አልፈልግም ልትል ትችላለች። ያለችሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ አንቺ የምትመኚላትን አይደለም።

ቀጥሎ እናትሽ። ቁራጩን መወልወያ ስላደረገችው አትፍረጂባት። ጨርቅ የማይጣልበት ቤት ነው ያደግነው። ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባት። አባት ሲሞት የልጅቷ ሞግዚት ወንድም አይደለም። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ እሱም ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፣ ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ወላጅ ነው። እሷ ናት ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ ልጆችን በሃይማኖታቸው የማሳደግ መብት የሰጠው ለወላጆችና ለሞግዚቶች ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጨቁን ወይም በአካል በአእምሮ የሚጎዳ ወግና ልማድን ይከለክላል። ይህን ወረቀት ይዘሽ ሳሎን እንድትገቢ አልፈልግም። እናትሽ ቡና እያፈላች «እኮ እናቷ አንቺ ነሽ፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ» በያት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ሂዱ፣ አንቺና እህትሽ። ለአያታችሁ እንደሆነው ንገሯት። አያት ስትናገር «ባህላችን» የሚለው ቃል ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወንድምሽ አንቺን ሊገስጽ ይችላል፣ አያቱን ግን አይገስጽም። እሷ ጠርታ ታናግረው። የአፎቻ፣ የዕድር ጓደኞቿ ማለቴ ነው፣ እነሱ ፊት አይሁን፣ ለብቻው ይሁን።

ወንድምሽ ጨካኝ ሰው አይመስለኝም። ሰባት ዓመት በሰው አገር አንገቱን ደፍቶ ሠርቶ፣ ተመልሶ አባቱን ቀብሮ፣ ቤቱን ተሸከመ። ጓደኞቹ «እህትህን ሜዳ ላይ አየናት» ሲሉት የሚሰማው ውርደት እውነተኛ ነው። እሱን አትናቂበት። ስታናግሪው ቀን ምረጪ። የሚቅም ከሆነ ከጫት በፊት አይሁን፣ ሐራራ ላይ ነው። እንዲህ በይው፦ «እንድትጠበቅ ነው የምትፈልገው፣ አውቃለሁ፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን አሁን ልጅቷ ከውጭ ሰው ሳይሆን ከአንተ ነው የምትደበቀው። ነገ አንድ ነገር ቢገጥማት ለአንተ ትነግርሃለች?» ከዚያ ዝም በይ። መልስ ባይሰጥሽም ቃሉ አብሮት ያድራል።

ሃይማኖቱን ካነሳ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና የማስተምርሽ ነገር የለኝም። ከምታምኑት ሸኽ ጋር ተነጋገሩ። የማውቀውን ያህል ግን፣ ቁርኣን ውስጥ ሱረቱ አን-ኑር ላይ ስለ ሴቶቹ የሚናገረው 31ኛው አንቀጽ ነው፤ 30ኛው ከሱ በፊት ወንዶቹን ዓይናችሁን ስበሩ ይላል። አል-በቀራ 256 ደግሞ በሃይማኖት ማስገደድ የለም ይላል። ሸኹ ስለ መሸፈን ከወንድምሽ ጋር ሊስማሙ ይችላሉ። አንቺ ስለ መቀሱ ጠይቂያቸው። ከትምህርት ቤት ኳስ ስለ መከልከሏ ጠይቂያቸው። ወንድምሽም አብሮሽ ቢሰማ ይሻላል።

እህትሽ ሸፈን ብላ መጫወት ከፈለገች አንድ ፎቶ አሳዪው። ዶዓ ኤልጎባሺ ትባላለች፣ ግብፃዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ19 ዓመቷ የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ተጫወተች። ሂጃብ፣ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ። ከመረቡ ወዲያ ማዶ ያሉት ጀርመኖች በቢኪኒ ነበሩ። ኳሷን ለመምታት ሁለቱም እኩል ነው የዘለሉት።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። እጁን ካነሳባት፣ ወይም ትምህርቷን ጭራሽ ካስቀራት፣ ሽምግልናው ይቅር። በዚያኑ ቀን አጎት ካላችሁ አጎታችሁ ጋ፣ ካልሆነም የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ወይም ፖሊስ ጋ ሂዱ። ያኔ የቤት ገመና ይወጣል ብለሽ አትፍሪ። እኛ ቤት ገመናው እንዳይወጣ ተብሎ ጥፊውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ዝም አለ። እስካሁን ያ ዝምታ ከጥፊው በላይ ትዝ ይለኛል።

ደመወዝ ስትቀበዪ እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ሂጂና አዲስ ቱታ ግዢላት። አንቺ አትምረጪላት፣ ይዘሻት ሂጂ። ሰፊውን ይሁን ጠባቡን፣ ጥቁሩን ይሁን ቀዩን፣ እሷ ታንሳው። ካረዘመ ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ጋ ውሰጂው፣ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ ያሳጥርላችኋል። ያን አሮጌውን ቁራጭ ደግሞ ከእናትሽ ተቀበዪና እጠቢው፣ መወልወያነቱ ይብቃው።

ጨዋታዋ ሲኖር ቀኑን ጻፊልኝ። ድሬ ከሆነ እመጣለሁ።